ከብሎካችን ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ካስማ ተተክሏል፤ ከየት ልጀምር?

የጅረቷ_ጎረቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው አዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል ባለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የሰፈሩን ስም ለጊዜው ልተወው። ከገባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ከብሎካችን ጀርባ ቁልቁል ወደ ጅረት የሚወርድ ቦታ አለ። ሁለት የኳስ ሜዳ ቢያህል ነው። ከላይ ሣርና አራት ትልልቅ ግራር፣ ወረድ ሲል ግራዋና ብሳና፣ ታች ደግሞ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ረግረግ። ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱት እዚያ ነው። የእንቁጣጣሽ አደይ የሚለቅሙትም እዚያው። ለበዓል ቄጠማ አጭደው ሰፈር ውስጥ የሚሸጡ እናቶች አሉ፣ እኔም ከእነሱ ነው የምገዛው።

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ሦስት ልጆች መሣሪያ ተክለው ይቀይሳሉ። ጫፉ ቀይ የተቀባ ካስማ ከላይ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ረግረጉ ድረስ ተክለዋል። ምንድን ነው ስላቸው «እኛ የታዘዝነውን ነው የምንለካው» አሉኝ። በማግስቱ ወረዳ ሄድኩ። አንዱ ሠራተኛ «እሱማ ባዶ ቦታ ነው፣ ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ሊተላለፍ ነው» አለኝ። ለማን ስለው ሌላ ቢሮ ላከኝ፤ እዚያ ያለችው ስብሰባ ገብታለች። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ወሬው እንደጉድ ነው። የቤት ማኅበር ነው የሚል አለ፣ ሪል እስቴት ነው የሚል አለ፣ ደላላው «ካርታው ወጥቷል» ይላል።

ከሁሉም ያናደደኝ «ባዶ» የምትለዋ ቃል ናት። ሐምሌ ላይ ከላይ ካለው አስፋልት የሚወርደው ጎርፍ በሙሉ እዚያ ገብቶ ነው የሚበርደው። እሱ ቦታ ባይኖር ታች ያሉት ቤቶች ምን ይውጣቸው ነበር?

ጥያቄዬ፦ ቦታው በፕላን ላይ ምን እንደሆነ እንዴት ነው የማውቀው? አቤቱታ ለማን ይገባል? ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ፣ እኔ ቤት አግኝቼ ሌላው እንዳያገኝ እየተከራከርኩ ነው?


ምንም_አይመጣም፦

እህቴ፣ ካስማ ካየሽ አልቋል በይው።

እኛ ሰፈር እንዴት እንደሄደ ልንገርሽ። መጀመሪያ የሆነ ሌሊት ሲኖትራክ መጥቶ የፈረሰ ቤት አፈርና ብሎኬት ደፋ። ማንም ምንም አላለም። ከዚያ የጎረቤቱም የማዶውም ሰው ቆሻሻውን ጨመረበት። ከዚያ «ቦታው የቆሻሻ መጣያና የሌባ መደበቂያ ሆኗል» ተባለ፣ እውነትም ሆኖ ነበር። ቀጥሎ ለጊዜው ተብሎ ሼድ ተሠራ። የመኪና እጥበት ገባ። ከእጥበቱ በኋላ የቆርቆሮ አጥር። አጥሩ ሲነሳ ፎቅ ቆሟል።

መቼ መጮህ እንደነበረብን እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እኔ የመጀመሪያው ሲኖትራክ የመጣ ቀን ነበር እላለሁ።


ቀያሹ፦

ስለ ሲኖትራኩ ያለው ልክ ነው። «ካስማ ካየሽ አልቋል» ያለው ግን ልክ አይደለም። ፕላን ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን በግሌ ነኝ። ካስማ ማለት አንድ ሰው ለክቷል ማለት ነው፣ መሬቱ ተሰጥቷል ማለት አይደለም። ለካዳስተር፣ ማለትም ለይዞታ ምዝገባ ይለካል፣ ለመንገድ ይለካል፣ ለውሃ መስመርም ይለካል። እኔ ራሴ ለፓርክ የሚሆን ቦታ ስለካ ድንጋይ ተወርውሮብኝ ያውቃል፣ ቤት ሊያፈርስ መጣ ብለው።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ቦታው ካርታው ላይ ምን ቀለም እንደተቀባ ነው። አዲስ አበባ የምትመራው ከ2009 እስከ 2019 በሚያገለግለው መዋቅራዊ ፕላን ነው። መነሻው ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል ነው። ከሱ ሥር ደግሞ ቢሮ ውስጥ ኤል.ዲ.ፒ የምንለው የአካባቢ ልማት ፕላን አለ፣ ዝርዝሩ ያለው እሱ ላይ ነው። ሁለቱም በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሕጋዊ ሰነዶች ናቸው። ሕዝብ ሳይመክርባቸው እንዳይጸድቁ፣ ከጸደቁም ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ ነው የታሰበው። ስለዚህ ስትጠይቂ ውለታ አይደለም የምትጠይቂው።

አሁን ዋናው ነገር አጠያየቁ ነው። በቃል አትጠይቂ። ስልክሽን ይዘሽ አራቱም ጥግ ላይ ቁሚና ኮኦርዲኔቱን፣ ማለትም ስልኩ የሚያሳይሽን የቦታ መለያ ቁጥር ጻፊ። ከዚያ ደብዳቤ፦ «በእነዚህ አራት ነጥቦች መካከል ያለው መሬት በመዋቅራዊ ፕላኑና በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት ተመድቧል? የአገልግሎት ለውጥ ተደርጎበት ከሆነ መቼና በማን ውሳኔ?» በቃ፣ ሌላ ነገር አትጨምሪ። ስለ ልጆቹ ኳስ አትጻፊ፣ እሱ ለሌላ ደብዳቤ ነው። መዝገብ ቤት አስገብተሽ ግልባጭሽ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳታስመቺ እንዳትወጪ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ያልተጻፈ ደብዳቤ ነው።

በቃል «ባዶ ነው» ያለሽ ሰው በማኅተም «ባዶ ነው» ብሎ አይጽፍልሽም። በፕላን ቋንቋ ባዶ የሚባል የመሬት አጠቃቀም የለማ! ወይ አረንጓዴ ነው፣ ወይ ቅይጥ መኖሪያ ነው፣ ወይ የሆነ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሁኑ ፕላን ዘመን 2019 ላይ ያበቃል። ቀጣዩን የሚሠራው ባለሙያ ከሳተላይት ምስል ላይ የቆሻሻ ክምርና ሼድ ካየ እንደዚያው አድርጎ ነው የሚነሳው። ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ ዓመታት ምስል ማየት ይቻላል። ቦታው ከዓመት ዓመት ምን ይመስል እንደነበር አሁኑኑ አውጥታችሁ አስቀምጡ።


ኮንዶ_97፦

እኔ ደግሞ የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ። አዎ፣ የ1997። ስመዘገብ ያልተወለደው ልጄ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ስድስት ቤት ተከራይቼ ስድስቱንም ለቅቄያለሁ፣ የመጨረሻዋ አከራይ «ልጄ ከዓረብ አገር ልትመጣ ነው» ብላ በሁለት ሳምንት አስወጣችኝ፤ ልጅቷ አልመጣችም፣ ሌላ ተከራይ ነው የገባው።

ስለዚህ ስለ አደይ አበባ ሳነብ ይገርመኛል። ቤቱን ካገኘ በኋላ ዛፍ የማይወድ ሰው የለም። የናንተ ብሎክ ምን ላይ ነው የቆመው? ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ምን ላይ ነው የተሠሩት? የገበሬ ማሳ ላይ። ያኔ ወፍ አልነበረም? ያኔ ማን ካስማ ነቅሎ ተከራከረ?

ለስድብ አይደለም። «እውነቱን ንገሩኝ» ስላልሽ ነው።


የጅረቷ_ጎረቤት፦

አልተቀየምኩም። ማሳ ነበር፣ አውቃለሁ። ከማዶ ያሉ ሽማግሌ የእኛን ብሎክ እያሳዩ «እዚህ ጋ ምስር እዘራ ነበር» ብለውኛል። ያን ቀን የምለው ጠፍቶኝ ዝም ብዬ ነው የተለየኋቸው።

ካስማም አልነቀልኩም፣ አልነቅልምም።


ቀያሹ፦

ለኮንዶ_97። ወንድሜ፣ የምትለው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ሁለት ነገር ልንገርህ።

አንደኛ፣ ከታች ረግረጉ ላይ ሊሠራ የሚችለው ቤት ለአንተ አይደርስህም። አፈሩን አየሁት ባልልም በዚያ በኩል ያለውን ዋልካ አውቀዋለሁ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳህንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ለመሠረት ብቻ የሚወጣው ወጪ ሌላ ፎቅ ይሠራል። ያንን ወጪ የሚሸፍን አልሚ ቤቱን ለማን እንደሚሸጠው ታውቃለህ። ለ97 ተመዝጋቢ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጅረት ዳር የተሠራ ቤት ዋጋው የሚታወቀው በአንድ ሌሊት ነው። ድሬዳዋን አስታውስ። ሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ ደቻቱ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ250 ሰው በላይ ገደለ። ከላይ ተራራው ተራቁቷል፣ ከታች ሰው ወንዙ አፍ ላይ ሰፍሯል። የቤት እጦት ነው ሰውን እዚያ ያሰፈረው፣ ግን ጎርፉ ቤት ስላጣህ አይራራልህም።

የቤት ቦታ የለም የሚለውንም አልቀበለውም። መሃል ከተማ ታጥሮ ዓመታት የተቀመጠ ስንት ቦታ አለ? ለሱ ግን ካስማ የሚይዝ አላየሁም።


ኮንዶ_97፦

ስለታጠሩት ቦታዎች ያልከው እንኳን እውነት ነው። የእኔ ቤት ከሚሠራበት ይልቅ ሣር የበቀለበት የታጠረ ቦታ ሳልፍ ሳልፍ ሃያ ዓመት ሞላኝ።


ሕግ_በአማርኛ፦

አቤቱታ ለማን ይገባል ላልሽው በአጭሩ ልሞክር፣ ማሳጠር ባልችልበትም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚነካ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲወጣም ሲፈጸምም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። ጥሩ ነው፣ ደብዳቤው ራስጌ ላይ ያምራል፣ ግን ቢሮ ውስጥ በር የሚከፍቱት ሁለት አዋጆች ናቸው። ሁለቱም የ1995 ናቸው።

የመጀመሪያው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበትም ይጠይቃል፤ በተለይ ፕሮጀክቱ ሊነካቸው የሚችሉ ነዋሪዎች። እናንተ ማለት ነው። ስለዚህ ግንባታው እውነት ከሆነ ሁለተኛው ደብዳቤሽ ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይሁን፦ «ለዚህ ቦታ የተጽዕኖ ግምገማ ቀርቧል ወይ? ከቀረበ እንድናየው ይፈቀድልን።»

ሁለተኛው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። ብዙ ሰው የማያውቃት አንቀጽ 11 አለች። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካሽ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። የመሬቱ ባለቤት መሆን አይጠበቅብሽም። ጎረቤት መሆንም አይጠበቅብሽም። አፈርና ቆሻሻ ረግረግ ውስጥ የሚደፋ ሲኖትራክ ለዚህች አንቀጽ ተስማሚ እንግዳ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀን ቆጣሪው የሚጀምረው ደብዳቤሽ ከገባበት ቀን ነው። ቀያሹ ስለ ገቢ ቁጥሩ የጮኸው ለዚህ ነው። በስልክ የተደረገ አቤቱታ 30 ቀን የለውም።

በግልሽም አትሂጂ። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ በአዋጅ 370/1995 የተቋቋመ የባለቤቶች ማኅበር ይኖራችኋል፣ ወይም ሊኖራችሁ ይገባል። በእሱ ማኅተም ይጻፍ። ዕድሩም ካለ ይፈርም። መሥሪያ ቤቶቹ ካመላለሱሽ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። እሱ ውሳኔ አይሽርልሽም፣ ግን «ለምን አልመለሳችሁም» ብሎ ይጽፍልሻል፤ አንዳንዴ የሚያስፈልገውም እሱ ብቻ ነው።


የቀበና_ልጅ፦

እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ምክር የለኝም። ቀበና ወንዝ ዋኝቼ ነው ያደግኩት። ለልጅ ልጄ ይህን ስነግረው ይስቃል፣ አፉን በእጁ ይዞ «እዚህ ውስጥ?» ይላል። እኛ ማንንም ምንም አልጠየቅንም ነበር፣ ልጄ። ጠይቂ።


ወፍ_ቆጣሪ፦

ቀያሹ ስለ ወፍና ስለ ኳስ አትጻፊ ያለው ለመጀመሪያው ደብዳቤ ልክ ነው። ለሁለተኛው ግን የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። የተጽዕኖ ግምገማ የሚሠራ አማካሪ ግማሽ ቀን ቦታው ላይ ቆሞ «ቦታው ላይ የጎላ የዱር እንስሳ አልታየም» ብሎ ይጽፋል፣ ያውም በቀትር። በቀትር ምን ይታያል? ሰውም አይታይም።

ስለዚህ ደብተር ግዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ታየ፣ ስንት፣ የት ጋ፣ ፎቶ ካለ ፎቶ። ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ። በክረምቱ መሃል አንድ ዙር፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌላ ዙር፣ የካቲት ላይ ሌላ። ጥቅምትን እንዳትዘሉት፤ ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የሚያርፉት እንዲህ ያለ እርጥብ ቦታ ላይ ነው፣ ከእኛ ጋር ከርመው መጋቢት አካባቢ ይመለሳሉ። ስማቸውን ካላወቃችሁ መልካቸውን ጻፉ። «ቢጫ ሆድ፣ ጭራውን ወደላይ ወደታች የሚያደርግ፣ አሥራ ሁለት» በቂ ነው። እንቁራሪትም ይቆጠራል። ድምፁን በስልክ ቅረጹት። ያላያችሁትን ግን አትጻፉ። አንድ ውሸት ሙሉውን ደብተር ይገድለዋል።

ሁለት የኳስ ሜዳ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው፦ ትንሽ ቦታ ብቻውን አይቆምም። የእናንተ ጅረት ወደ ትልቁ አቃቂ የሚገባ ከሆነ መጨረሻው አባ ሳሙኤል ነው። የአቃቂና አባ ሳሙኤል ረግረግ፣ የሱሉልታም ሜዳ፣ ለወፎች ወሳኝ ተብለው በኢትዮጵያ ከተለዩት 69 ቦታዎች ውስጥ ያሉ ናቸው፤ የለየው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ሱሉልታ ዛሬ ምን እንደሚመስል መኪና ይዞ ወደ ፍቼ የወጣ ሁሉ ያያል። ሆለታ አጠገብ ያለው የበርጋ ረግረግ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በዓለም ላይ በጣት በሚቆጠሩ ረግረጎች ብቻ የምትገኝ፣ ሊጠፉ ከጫፍ ከደረሱት ተርታ የተመደበች ክንፈ ነጭ ትንሽ ወፍ በክረምት እዚያ ትፈለፍላለች። የአካባቢው ገበሬዎች ተደራጅተው ይጠብቁታል። ከብት የሚያሰማሩ፣ ሣር የሚያጭዱ ሰዎች ናቸው። «አትንኩት» የሚል አጥር አይደለም ያቆየው።

የእናንተ ቄጠማ አጫጆችም ምስክር ናቸው። ከማንም በላይ ቦታውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ግን ስብሰባ ላይ የሚጠራቸው የለም። ጥሯቸው።


ደብረ_ታቦር፦

እኛ አገር ያለውን ልንገራችሁ። ደቡብ ጎንደርን ከአየር ላይ ብታዩት ሁሉም ማሳ ነው፣ መሃል መሃል ላይ ግን አረንጓዴ ክብ ክብ ነገር ታያላችሁ። የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ። ከብት እየገባ ችግኙን ሲበላው ጫፉ በየዓመቱ ይሸሽ ነበር። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉ ተመራማሪ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር ተነጋገሩ፤ መፍትሔው የድንጋይ አጥር ሆነ። ድንጋዩ ከየት መጣ? ከገበሬው ማሳ። ገበሬው ማሳው ጸዳለት፣ ደኑም ዳር ድንበሩ ታወቀ። ከብት ሳይገባ ሲቀር ችግኙ ራሱ ብቅ አለ፣ ማንም አልተከለውም።

እና እኔ የምለው ለቦታችሁ ጠርዝ አብጁለት። እኛ ዘንድ ድንጋይ ነው፣ እናንተ ዘንድ ችግኝ ሊሆን ይችላል።


ቀያሹ፦

ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ግን አዲስ አበባ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በራሳችሁ ካጠራችሁ «ሕገ ወጥ የመሬት ወረራ» ትባላላችሁ፣ ደንብ አስከባሪ መጥቶ ያፈርሰዋል፣ ከዚያ ወሬው እናንተ ከጨረቃ ቤት ሠሪ እኩል መሆናችሁ ነው። መጀመሪያ «ቦታውን ለመንከባከብ ይፈቀድልን» ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ትከሉ። በክረምት ችግኝ ለመትከል ፈቃድ የሚከለክል ወረዳ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ከነፎቶ አንሺው ነው የሚመጣላችሁ። እናንተም ፎቶ አንሱ። ባለሥልጣን ችግኝ የተከለበትን ቦታ «ባዶ» ማለት ይከብዳል።


ለንደን_ያለች፦

በጣም የሚገርመኝ ነገር፣ እዚህም ነገሩ ያው መሆኑ ነው። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ የሰፈር ሰው አንድን ሜዳ ሳይከለከልም ሳያስፈቅድም ለ20 ዓመት ከተጫወተበት «ቪሌጅ ግሪን» ተብሎ እንዲመዘገብ መጠየቅ ይችላል፣ ከተመዘገበ ቤት አይሠራበትም። ጎረቤቶቼ ሲሞክሩ አግዣቸዋለሁ። ቤት ለቤት እየዞርን «ውሻህን እዚህ ያንሸራሸርከው ከመቼ ጀምሮ ነው?» እያልን ቅጽ አስሞላን። አንዲት የ80 ዓመት አሮጊት በ1960ዎቹ እዚያ ሜዳ ላይ የተነሱትን የሠርግ ፎቶ አመጡ።

ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ሕጉ ጠብቋል፤ አልሚው የግንባታ ማመልከቻው አንዴ በይፋ ከወጣ ምዝገባ የለም። እኛ በሦስት ወር ዘግይተን ደረስን። አሁን ሜዳው ላይ አርባ ምናምን ቤት አለ፣ ስሙንም «ሜዳ» ብለው ሰየሙት፣ ስቀልድ አይደለም።

እህት፣ የአሮጊቷን ፎቶ አሁን ፈልጊ።


የጅረቷ_ጎረቤት፦

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ይቅርታ።

ደብዳቤውን በማኅበራችን ማኅተም አስገባን። የመጀመሪያ ቀን መዝገብ ቤቷ «ኃላፊው ካልመራበት ቁጥር አልሰጥም» አለችን። ቁጭ አልን። አራት ነበርን፣ አንዷ ቄጠማ የሚሸጡት እናት ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበር ላይ እንደ ለቅሶ ቤት ሲቀመጡ ልጅቷ ጨነቃት መሰለኝ፣ ከሰዓት በፊት ቁጥሩን ሰጠችን። መልሱ በአሥራ ሦስተኛው ቀን መጣ።

ግማሽ ደስታ ነው። ከመንገዱ ጀምሮ ግራሮቹ እስካሉበት ድረስ ያለው «ቅይጥ መኖሪያ» ነው። ከግራዋው ወደ ታች እስከ ጅረቱ ያለው በሙሉ «አረንጓዴና የወንዝ ዳርቻ» ነው። የአገልግሎት ለውጥ አልተደረገም ይላል፣ በማኅተም። ካስማው ግን ሁለቱንም ነው የያዘው። ስለዚህ አሁን የምንጠይቀው ቀላል ሆነ፦ የታችኞቹ ካስማዎች በምን ተተከሉ?

የላይኛው ላይ ግን ተጣላን። ማኅበሩ ውስጥ ግማሹ «እሱንም አናስነካም» ይላል። ግማሹ፣ እኔም ጭምር፣ ፕላኑ መኖሪያ ካለው ቤት ይሠራበት፣ ግራሮቹ ግን ይቆዩ፣ ጎርፉም መውረጃ ይተውለት እንላለን። ኮንዶ_97 ያለው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎ ነው። ፕላን ይከበር እያልኩ የሚመቸኝን ቀለም ብቻ መምረጥ አልችልም። ባለቤቴ በዚህ አልተስማማም። ለሁለት ቀን እሱ የሚያወራው ከቴሌቪዥኑ ጋር ነበር።

ደብተሩም ተጀምሯል። የሰባተኛ ክፍል ልጄ ናት ዋና ጸሐፊ። እስካሁን 23 ዓይነት ወፍ፣ ግማሹ በመልክ ብቻ። አንድ ቀን «ጅብ፣ አንድ፣ በድምፅ ብቻ» ብላ ጽፋለች።

ደግሞ ከትናንት ወዲያ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ሲኖትራክ መጣ። እውነቴን ነው። የብሎካችን ጥበቃ ደወለልኝ፣ እኔ ለሌሎቹ ደወልኩ፣ ፒጃማ የለበሰም ጋቢ የለበሰም ወርዶ ቆመ። ማንም አልተሳደበም። ሹፌሩ ለደቂቃ አየን፣ ታርጋውን ፎቶ ስናነሳ ማርሽ ቀይሮ ወደ ኋላ ወጣ። አፈሩን የት እንደደፋው እግዜር ይወቅ፣ ያ ደግሞ ያሳስበኛል።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የታችኞቹን ካስማዎች ቆጥረን ፎቶ ልናነሳ ነው። አካባቢው ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እልካለሁ። ጭቃ ነው፣ ቦት አድርጉ።


ኮንዶ_97፦

የላይኛው ለማን እንደሚሰጥ በጽሑፍ ጠይቃችኋል? ካልጠየቃችሁ ያንን ደብዳቤ እኔ ልጻፈው። ሃያ ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ ነው የኖርኩት፣ በዚህ ነገር ጎበዝ ነኝ።


ምንም_አይመጣም፦

ታርጋውን እኔም ልየው እስቲ። የኛ ሰፈሩ መጨረሻው 47 ነበር።

ቅዳሜ 1 ሰዓት አልሽ? ቦት የለኝም፣ በላስቲክ አስሬ እመጣለሁ።